የሞቀው አዳራሽ

ግንበኞቹ ቱንቢ ይሏታል። የጠመመ ግድግዳ ካየች እህል አይወርድላትም፤ «ካሠራችው ያስፈረሰችው ይበልጣል» እያሉ ያሟታል። የጦር ካምፑን የመኝታ አዳራሾች የውስጥ ሥራ የምታስጨርሰው እሷ ነበረች።

ብርዱ ሲጠጋ ጣራውና ግድግዳው ላይ ፎም ተለጠፈ። ፎም ሙቀት ይይዛል፤ እሳት ከነካው ግን እንደ ጭድ ይነዳል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ስለዚህ እሳት በማያሳልፍ የጂፕሰም ሰሌዳ መሸፈን ነበረበት። ሰሌዳው ዘገየ። የካምፑ አዛዥ ሻለቃው መጡ።

«ወታደሮቼ ድንኳን ውስጥ እየተንቀጠቀጡ ነው። አሁን ቢገቡ ምን አለበት?»

ምን እንዳለበት አሳምራ ታውቃለች። ግን ልጆቹ አሳዘኗት፤ ክርክሩም ታከታት።

«ለጊዜው ከሆነ ይግቡ» አለች።

አንድ ጠዋት ወታደሮቹ ሲለባብሱ የመብራት ሽቦ ግሎ ፎሙን አቀጣጠለው። ጣራው እየነደደ ይንጠባጠብ ጀመር። ሁሉም በሕይወት ወጡ፤ አንዱ ግን ታሞ የተኛ ጓደኛውን ሊያወጣ ተመልሶ ገብቶ ጭሱን ማገው።

ቱንቢ ሆስፒታል ሄደች። ተመልሶ የገባው ልጅ ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«እትዬ፣ አዳራሹን የሠሩልን እርስዎ ነዎት አሉ» አላት በሰለለ ድምፅ። «እንዴት ይሞቅ ነበር መሰለዎት! ማታ ማታ እንመርቅዎት ነበር።»

ቢሰድባት በወደደች።

«አትመርቀኝ፣ ልጄ። እንደሚነድ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው ይግቡ ያልኩት።»

ልጁ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በቀጥታ ወደ ሻለቃው ሄደች።

«የሌሎቹም አዳራሾች ፎም እንዳገጠጠ ነው። ወታደሮቹ ዛሬውኑ ይውጡልኝ።»

«በዚህ ብርድ?»

«በዚህ ብርድ! ያኔ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፤ የትም ቆሜ እናገራለሁ።»

ሻለቃው አቀረቀሩ። «ብቻሽን መች ሆንሽና» አሉ።

ወታደሮቹ ወደ ድንኳን ተመለሱ፤ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ረገሟት። እሷም ከኃላፊነቷ ተነሳች፤ ሰሌዳው ሲደርስ ግን እንደማንኛውም ሠራተኛ መሰላል ላይ ወጥታ የሰሌዳውን መጋጠሚያ በእጇ ደፈነች።

ልጁ ድኖ ሲመለስ በሩ ሥር ያለውን አልጋ መረጠ። ሲተላለፉ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይላታል እንጂ አያናግራትም። ያልዳነለት ጉሮሮው ይሁን ልቡ፣ እስካሁን ለመጠየቅ አልደፈረችም።