የመሪጌታ የሁዳዴ ወተት

አረጋሽ ደባርቅ ገበያ ላይ ብቅል ስትቸረችር ከሰው ጋር ተከራክራ ተረታ አታውቅም። አባቷ ግን ያለ አንድ ቃል ሊረቷት ነበር።

አባቷ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ዳባት ላይ ሠላሳ ዓመት ዜማ ያስተማሩበት ጉሮሮ ካንሰር ገባበትና ጎንደር ወስዳ አሳከመቻቸው። ማንቁርታቸው ወጣ፤ ድምፃቸውም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሚተነፍሱት አንገታቸው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ፣ የሚመገቡት በአፍንጫቸው በገባ ቀጭን ቱቦ ሆነ። ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሟ አረጋሽን አጥብቃ አስጠነቀቀቻት፤ እስከ ቀጠሮው ቀን በአፍ ጠብታ ውኃ እንኳ እንዳይገባ፣ የውስጡ ስፌት ሳይገጥም የዋጡት ነገር ቁስሉን ቀዶ በአንገት ሊፈስ ይችላል። ወተትና እንቁላልም በየሦስት ሰዓቱ በቱቦው ይሰጣቸው፤ ቁስል ያለ ምግብ አይሽርም አለቻት።

ደባርቅ እሷ ቤት በገቡ ማግስት ሁዳዴ ተያዘ። መሪጌታ ወተቱን ሲያዩ ቱቦውን ቆልምመው ያዙ። ደብተር አስመጥተውም፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ ጾሜያለሁ» ብለው ጻፉላት። ከቀጭን አጥሚት በቀር እንቢ አሉ።

በአራተኛው ቀን ፋሻ ስትቀይር የስፌቱ ዳር ሳስቶ አየች። ሮጣ የንስሐ አባታቸውን አባ ቴዎፍሎስን አመጣች። አባ፣ ሕመምተኛ በጾም አይገደድም ብለው ፈቱላቸው። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱ የአጎታቸው ልጅ አያ ቢራራ ከዳባት ጠበል ይዘው መጡ። በጣሳ ቀድተው ወደ አልጋው ሲሄዱ አረጋሽ ፊታቸው ቆመች።

«ይርጩአቸው፣ እግራቸውን ይጠቡላቸው፤ በአፋቸው ግን አይገባም።»

«በሁዳዴ ወተት ፈቅደሽ ጠበል ትከለክያለሽ? ደግሞ ሐኪም ሆንሽልን?»

«አንቱ ነገ ዳባት ይመለሳሉ፣ አያ ቢራራ። አንገታቸው ቢፈስ ፋሻውን የምቀይረው እኔ ነኝ። የወተቱ ኃጢአት ካለም በእኔ ይሁን፤ እግዜር ይጠይቀኝ።»

አልጋው ሲንቋቋ ሁለቱም ዞሩ። መሪጌታ ተነሥተው ተቀምጠዋል። ደብተሩን ስበው ጻፉና ለቢራራ ሰጧቸው። ቢራራ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ አነበቡት፦

«ልጄን በእኔ ጾም አላስጠይቅም። ወተቱን አምጪ።»

ወተት የሚወርድበትን ስሪንጅ መሪጌታ ራሳቸው ከፍ አድርገው ያዙት፤ ቢራራም ጎንበስ ብለው እግራቸውን በጠበሉ አጠቡላቸው።

በቀጠሮው ቀን ጎንደር ላይ ሐኪሟ ውኃ በብርጭቆ ሰጠቻቸው። መሪጌታ ዋጡ። አረጋሽ አንገታቸው ላይ ያለውን ነጭ ፋሻ አፍጥጣ ጠበቀች። አልረጠበም።