«ጓድ፣ ቀና በል»

ባለፈው ሳምንት መታወቂያ ለማሳደስ ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ወዳለ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ካሜራው ጋ የተቀመጠችው ልጅ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «እናቴ፣ ትንሽ ቀና ይበሉ» አለችኝ። ቀና አልኩ፤ ፎቶው ከተነሳ በኋላ ግን ከወንበሩ አልተነሳሁም። ልጅቷ ስኳሬ የወረደ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ። እኔን የያዘኝ የስኳር ነገር አልነበረም።

በደርግ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና እማር ነበር። ከዚያ ጎን ለጎን የፎቶግራፍ ኮርስ ወስጃለሁ። ጨለማ ክፍሉን እወደው ነበር፤ ባዶ ወረቀት መድኃኒት ውስጥ ተነክሮ የሰው ፊት ቀስ እያለ ብቅ ሲል ማየት ዛሬም የሚያስደንቀኝ ነገር ነው። ሥነ ምግባር ያስተማሩን አቶ አስራት ዕድሜያቸው ከሠላሳ አምስት ብዙ የራቀ አይመስለኝም። ጥያቄ ይጠይቁና መልሱን ሳይነግሩን አንገታቸውን ሰበር አድርገው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። አንድ ሰኞ፣ «ሰውን ለማዳን ሲባል መዋሸት ይገባል?» ብለው ጠየቁን፤ ክፍሉ በክርክር ታመሰ። «በሚቀጥለው እንጨርሰዋለን» አሉ። በሚቀጥለው አልመጡም። ሌላ መምህር መጣ፣ ትምህርቱም ተቀየረ። የት ደረሱ ብሎ የጠየቀ የለም። ያኔ ስለጠፋ ሰው መጠየቅ አብሮ ለመጥፋት ነበር።

የግንቦት ልደታ ሰሞን ነው። ድሮ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ይቀቅል የነበረው ጎረቤት በሩን ዘግቶ ይቀቅል ጀመር፤ በየአጥሩ ስር ሲያልፉ የባቄላው ሽታ እንጂ የሰው ድምፅ አይሰማም። የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ግርማ ቤታችን መጣ። ጠመንጃ ከመያዙ በፊት ጎማ የሚለጥፍ፣ የምናውቀው ልጅ ነበር። «ፎቶ ተምረሻል አሉ፤ ለመታወቂያ ታነሺልናለሽ» አለኝ። እምቢ አይባልም።

ቀበሌው ግቢ ግድግዳው ላይ አቡጀዴ ወጠሩ፣ ወንበር አስቀመጡ። ፊልም እጥረት ስላለ አንድ ሰው አንዴ ብቻ ነው የሚነሳው። ግርማ ጠመንጃውን አንግቶ አጠገቤ ቆመና፣ «እዚህ አንቱ ብሎ ነገር የለም፤ ሁሉም ጓድ ነው» አለኝ። አባቴን የሚያህሉ ሽማግሌዎችን ሳይቀር «ጓድ፣ ቀና በል» እያልኩ አረፈድኩ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ እትዬ በላይነሽ ገቡ። የቤተ ክርስቲያኑ በር አካባቢ ቅመም የሚሸጡ ጎረቤታችን ናቸው። ጢሙ ያደገ፣ ካፖርቱ የተቀዳደደ፣ በረባሶ የተጫማ ሰው አስከትለዋል። «የሟች ባሌ ወንድም ነው፤ ከመንዝ መጥቶ እኔ ዘንድ ገብቷል» አሉ። ሰውየው እኔን ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ አንገቱን ሰበር አድርጎ በግቢው በር ወደ ውጭ አየ። አቶ አስራት ነበሩ።

«ምን ያስደነግጥሃል?» አላቸው ግርማ። ወዲያው ወደ እኔ ዞረ። «ታውቂዋለሽ?»

«አላውቃቸውም።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

«አላውቃቸውም?» አለ ግርማ ቀስ ብሎ። «ሽማግሌውን ሁሉ አንተ ስትዪ አርፍደሽ፣ ይሄን ቡትቶ ለባሽ አንቱ?»

ካሜራውን የማስተካክል መስዬ አጎነበስኩ። እትዬ በላይነሽ ሳቅ አሉ። «ተው እንጂ ጓድ ግርማ፣ የዚችን አባት አታውቃቸውም? ልጆቻቸውን ድመቷን እንኳ አንቱ እያስባሉ ነው ያሳደጉ። አምልጧት ነው።» ሳቃቸው የዘወትር ሳቃቸው ነበር። የነጠላቸውን ጫፍ ግን ጣታቸው ላይ ደጋግመው ይጠመጥሙ ነበር።

ግርማ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሰውየውን አየ። «እንግዲያው እንደ ሌላው በይው። ልስማሽ።»

በካሜራው ቀዳዳ አየኋቸው። የላብ ጠብታ ከግንባራቸው ወደ ቅንድባቸው ይወርዳል።

«ጓድ፣ ቀና በል» አልኩ።

መምህሬ ቀና አሉ። የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩ። እጄ መንቀሳቀሱን በዚያችው ቅጽበት አውቄዋለሁ።

ከዚያ ፎቶው እስኪታጠብ ድረስ ያለው ሰዓት የባሰ ነበር። ፎቶው ከተበላሸ ተመልሰው መምጣታቸው ነው፤ ከመጡ ደግሞ ግርማ እንደገና ሊያያቸው ነው። መስኮቱ በብርድ ልብስ በተሸፈነ ጠባብ ክፍል ውስጥ ወረቀቱን መድኃኒቱ ላይ ጣልኩ። መጀመሪያ ጢማቸው መጣ፣ ቀጥሎ ጆሯቸው፤ ብዥ ብሏል። ዓይናቸው ግን ነበር። ግርማ ወደ ብርሃን አውጥቶ አገላበጠው።

«ይሄ ለምን ደበዘዘ?»

«መድኃኒቱ አርጅቷል» አልኩት። መድኃኒቱ አዲስ ነበር። የዚያን ሰኞ ጥያቄ ያስታወስኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ በዚያች ሰዓት ከፍርሃት በቀር በውስጤ ምንም አልነበረም።

ማኅተሙን መታበት።

ሳምንት ሳይሞላ እትዬ በላይነሽ በርበሬ እየሰፈሩልኝ፣ ቀና ሳይሉ፣ «እንግዳዬ ሄደ። ‹ተማሪዬ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔን ግን አልሳተችም› ብሎሻል» አሉኝ። ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት፣ በራችን ላይ መኪና በቆመ ቁጥር እናቴና እኔ ትንፋሻችንን ውጠን እንቀመጥ ነበር። ለእናቴ ምክንያቱን አልነገርኳትም።

አቶ አስራት በዚያ መታወቂያ ሱዳን ድረስ ዘልቀዋል። ደርግ ከወደቀ በኋላ ተመልሰው ማስተማር ጀመሩ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ተገናኘን። «እንዴት ነዎት?» አልኳቸው። እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ ቆሙ።

አሁን እሳቸውም እትዬ በላይነሽም አርፈዋል፤ ቀበሌው ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል። ሰዎች ታሪኩን ሲሰሙ ጀግና ይሉኛል። አልነበርኩም። የምፈራው ሰው ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ ሆኖም ይህን ለልጆቼ ሳወራ፣ ሁልጊዜ አስቀድሜ ተነስቼ በሩን እዘጋለሁ።