ከጎረቤቱ ጠይቅ

ባለፈው ቅዳሜ ወገዳ ገበያ አንድ ሰው በሬ ሲገዛ ቆሜ አየሁ። ጥርሱን አየ። ሻኛውን ዳበሰ። ወዲያ ወዲህ አስነዳው። ከዚያ ባለቤቱን ትቶ፣ ከባለቤቱ ጋር ከአንድ መንደር የመጣ ሌላ ሰው ፈልጎ ወደ ዳር ወሰደው። ምን እንደሚጠይቀው ሳልሰማም አውቃለሁ። ቀንበር ላይ ይተኛል ወይ፣ ይዋጋል ወይ፣ ለምንስ ሊሸጠው ፈለገ። በእኛ አገር በሬ ገዢ ባለቤቱን የሚጠይቀው ዋጋውን ብቻ ነው። ስለ በሬው የሚጠይቀው ጎረቤቱን ነው።

ኪሴ ውስጥ ከትምህርት ቤት የተሰጠኝ ወረቀት ነበር። የምገባበትን ኮሌጅ በምርጫ ቅደም ተከተል የምሞላበት። ሦስት ባዶ መስመር አለው። ከተሰጠኝ ሳምንት ሆኖታል። እያጠፍኩ እየዘረጋሁ ጠርዙ ሊቀደድ ደርሷል። ሰውዬው በሬውን ነድቶ ሲሄድ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ወንድሜ ትዝ ብሎኝ ነው።

ወንድሜ አስማረ ይባላል። ይባል ነበር ማለት እስካሁን ይከብደኛል። የሦስት ዓመት ታላቄ ነው። በልጅነቱ ታሞ ግራ እግሩ ቀጥኖ ቀርቷል፤ የወይራ ከዘራ ይዞ ነበር የሚሄደው። ሩጫ አያውቅም። ከብት ግን ያውቃል። ጆሮውን ከላሟ ጎን ለጥፎ ሆዷን ያዳምጣል። "እየሠራ ነው" ይላል። ወይም "ዝም ብሏል፤ ይህ ጥሩ አይደለም" ይላል። ከብት የታመመበት ጎረቤት ሁሉ እሱን ይጠራ ነበር። ሲመለስ ጸጉሩ ሳይቀር የበረት ሽታ ይሸታል። እማዬ ትቆጣው ነበር። አሁን እኔ በረት ስገባ አንዳንዴ ሥራዬን ትቼ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ለዚያ ሽታ ነው።

አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ አላስገባውም። ለኮሌጅ ግን በቃ። የእንስሳት ጤና የሚያስተምሩ ሁለት ኮሌጆች አገኘ። አንዱ ደጋ ነው፤ ከእኛ የግማሽ ቀን መንገድ። ሌላው ቆላ ነው፤ በመኪና ሁለት ቀን። ስማቸውን አልጽፍም።

ወሩ ኅዳር ነበር። ገብሱ ታጭዶ አውድማ ላይ ነው። አባታችን ያን ጥሎ መሄድ አልቻለም። በሬዎቹን ከነዶው ላይ እያዞረ ጠራን።

"ሞላ፣ አንተ እግሩ ሁን" አለኝ። ወደ አስማረ ዞረ። "ቢሮ ውስጥ ያሉትን ስለ ምዝገባው ጠይቅ። ስለ ኮሌጁ ግን አትጠይቃቸው። እነሱ ባለቤቶች ናቸው። ከአጥሩ ውጭ የሚኖር ሰው ጠይቅ።"

"ኮሌጅ በሬ ነው እንዴ አባዬ?" አስማረ ሳቀ።

"በሬማ ቢሆን መልሰህ ትሸጠው ነበር።"

እማዬ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራልን ሄድን። በዚያ ሰሞን መንገዱ ሰላም ነበር። በመጀመሪያ የደረስነው ቅርቡ ኮሌጅ ነው። ከተማው ብርዳም ነው፤ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ያድራል። ቢሮ ያገኘነው ሰውዬ ደግ ነበር። ሁሉም ነገር አለ አለን። አስማረ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ እግሩ ደክሞት ነበር። "በል፣ እግሬ፣ ሂድና ጎረቤት ጠይቅ" አለኝ።

ከበሩ ፊት ለፊት አንዲት ሴት የተቀቀለ ድንች ከአዋዜ ጋር ትሸጣለች። ጠየቅኋት። ወደ ደረጃው አሻግራ አየችው።

"ያ ከዘራ የያዘው ነው? ተወው ልጄ። ከብቶቹ ያሉት ከዚያ ገደል ማዶ ነው። በየቀኑ ወርደው ወጥተው ነው የሚማሩት። ጤነኞቹ እንኳ እያለከለኩ ነው የሚመለሱ።"

ከእሷ እስከ ደረጃው ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። በዚያች ሠላሳ እርምጃ ውስጥ አሰብኩ። ይህ ኮሌጅ ካልሆነ ቆላ ይወርዳል። ቆላ ከወረደ በዓመት አንዴ ነው የማየው። እዚህ ከሆነ ለበዓል ሁሉ ይመጣል። እኔም ስንቅ ይዤለት እመጣለሁ። ሌላ ነገር አላሰብኩም።

"ጥሩ ነው አለች" አልኩት።

"ከብቶቹስ የት ናቸው?"

"እዚሁ ከክፍሉ ጀርባ።"

ዓይኔን አየኝ። ከዘራውን ተደግፎ ተነሣና ድንች እገዛለሁ ብሎ ሄደ። ከሴትየዋ ጋር ብዙ ቆየ። ሲያወሩ አያለሁ፤ እጇን ወደ ገደሉ ስትዘረጋ አያለሁ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሲመለስ ትልቁን ድንች እጄ ላይ አስቀመጠው። ይፋጃል።

"ለምን ዋሸኸኝ?"

"ቅርብ ስለሆነ።"

አልተቆጣም። የራሱን ድንች መላጥ ጀመረ። "ካሁን በኋላ አንተ አትጠየቅም" አለኝ። "አንተም ባለቤት ነህ።" ከዚያ ሳቀ። እኔ ግን ድንቹን ሳልበላ ኪሴ ከተትኩት።

ቆላ የደረስነው በማግስቱ ማምሻውን ነው። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊት ይመታል። ግን ሜዳ ነው። ዓይን እስከሚያይ ድረስ ሜዳ። አስማረ ከመኪናው ወርዶ ግራና ቀኙን ሲያይ ፊቱን አስታውሳለሁ። አቀበት የሌለበት አገር አይቶ አያውቅም ነበር።

ይህን ጊዜ ራሱ ጠየቀ። እኔ ሻንጣውን ይዤ ቆምኩ። ከኮሌጁ አጥር ጥግ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ባለሱቅ አሉ። ሳሙና እየደረደሩ መለሱለት።

"ከብቶቹ ከክፍሉ ጀርባ ናቸው። ስታስነጥስ ይሰሙሃል።"

"ላም አያስነጥሰኝም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ላም ይስማማሃል። መምህራኑ ይገባሉ፤ አይቀሩም። ውሃ ይጠፋል፤ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ደግሞ ወባ አለ። አጎበር ሳትይዝ እንዳትመጣ። ከታመምክ ቶሎ ተመርመር።"

አስማረ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። "ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው" አለ።

ተመዝግቦ ገባ። አጎበርም ይዞ ሄደ። በየእሑዱ ይደውል ነበር። ኔትወርክ ስለማይሠራ እኔ ስልኩን ይዤ የቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ላይ እወጣለሁ። ስለ ጥጆች ያወራኛል። አንዴ እንዲህ አለኝ፦

"ሞላ፣ እዚህ ማንም ጥሎኝ አይሄድም።"

"እንዴት?"

"ሙቀቱ ነዋ። ሁሉም እንደኔ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።"

ሁለተኛ ዓመቱን እንደጀመረ፣ በጥቅምት፣ አንቀጠቀጠው። እኛ ደገኞች ሰው ሲንቀጠቀጥ ብርድ ነው የምንለው። እሱም ብርድ ነው አለ። የላም ትኩሳት ከጆሮዋ የሚያውቅ ልጅ የራሱን አላወቀም። የእማዬን ጋቢ ተከናንቦ ሦስት ቀን ተኛ። ጓደኞቹ ሐኪም ቤት ሲወስዱት ጊዜው አልፎ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ከአስከሬኑ ጋር መጡ። ሁለት ቀን መንገድ። ከዘራውን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘውት ነበር። አባዬ ፊት ቆመው "ወባ እንዳለ ነግሬው ነበር" አሉ።

አባዬ እጃቸውን ያዘ። "አዎ፣ ነግሮናል። እውነቱን ነግረውታል። አልቀየምዎትም" አላቸው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አይለቀኝም። ውሸቴን ቢያምነኝ ኖሮ እላለሁ። ቅርቡ ኮሌጅ ቢገባ፣ ዛሬ በዓል ሲሆን ይመጣ ነበር። ወዲያው ደግሞ ያ ገደል ይታየኛል። በየቀኑ ሲወርድ፣ በየቀኑ ሲወጣ፣ ሁሉም ጥሎት ሲሄድ። የቱ ይሻል እንደነበር አላውቅም። ሁለቱም ይታዩኛል። ሰው እንዲህ ሲናፍቅ የሆነውን ብቻ አይደለም የሚናፍቀው። ያልሆነውንም ነው።

እኔ የምወደው ውሃ ነው። ቦይ፣ ሞተር፣ መስኖ። እሱን የሚያስተምር ሁለት ቦታ አገኘሁ። አንዱ ንፋስ መውጫ አቅራቢያ ነው፤ ለቤታችን ይቀርባል። ሌላው የአስማረ ኮሌጅ ነው። ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ እማዬ በራፉ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ወረቀቱን አውጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ የትኛውን ላስቀድም?"

ቀና አላለችም። ጠጠር አውጥታ ጣለች። "እኔን አትጠይቀኝ" አለች። "እኔ ባለቤት ነኝ።"

የድንቹን ታሪክ አስማረ እንደነገራት አላውቅም ነበር።

ኮረብታው ላይ ወጥቼ ለጋሽ ሰይድ ደወልኩ። የማን ወንድም እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ውሃው አሁንም ይጠፋል ወይ አልኳቸው። ይጠፋል አሉ። ወባውስ? "እሱም አለ ልጄ፣ አልዋሽህም። የመስኖው መምህር ግን እሑድ እንኳ ቦይ ላይ ነው የሚውል።"

ወርጄ ያሉኝን ሁሉ ለእማዬ እንዳለ ነገርኳት። የሰፌዱን ምስር ወዲያ ወዲህ አለች። ከዚያ እጇ ምስሩ ላይ እንዳለ ቆመ።

"እዚያ ከተንቀጠቀጥክ" አለች፣ "ብርድ እንዳይመስልህ።"