ጋሽ ማቴዎስ እና ከጓሮ የተወሰደው አፈር

በሐዋሳና በዙሪያዋ ላላችሁ፣ ጋሽ ማቴዎስን በሥራም ሆነ በጉርብትና፣ በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በገበሬ ማሳ ላይ ለምታውቋቸው ሁሉ፦ የአፈር ባለሙያው፣ መምህሬና አለቃዬ የነበሩት ጋሽ ማቴዎስ ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ በመኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። ለረጅም ጊዜ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ነበር። ቅዳሜ ዕለት ቀብራቸው ሲፈጸም ሰዉ ከግቢው ተርፎ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ሩቅ ሆናችሁ መርዶው ዘግይቶ የሚደርሳችሁም ትኖራላችሁና ይህ ጽሑፍ ለእናንተም ነው።

እኔ ሰሚራ እባላለሁ። በአፈር ላቦራቶሪው ውስጥ ከእሳቸው ሥር ሆኜ ሥራ የተማርኩ ነኝ። በቀብሩ ላይ አልቅሻለሁ፤ ነገር ግን ሐዘኔ እፎይታ የተቀላቀለበት ነው፤ እውነቱን ለመናገር እፎይታው ይበልጣል። ይህን ስል የሚቀየመኝ ሰው እንደሚኖር ስለማውቅ ምክንያቱን ልናገር። ጋሽ ማቴዎስ በእኔ ጥፋት የተነሣ በገዛ ዕውቀታቸው ላይ እምነት አጥተው ሰባት ዓመት ኖረዋል። እኔ ደግሞ እውነቱን ሳልነግራቸው ይሞቱብኛል እያልኩ ስፈራ ኖሬያለሁ። አልሞቱብኝም፤ ነግሬያቸዋለሁ።

ወደ ላቦራቶሪው የገባሁት ገና ከኮሌጅ እንደወጣሁ ነበር። አባቴ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር የእህል መደብር ነበረው፤ እኔም ያደግኩት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ጋሽ ማቴዎስ በመጀመሪያው ቀን ስለ ትምህርት ውጤቴ አልጠየቁኝም። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ፤ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ሚዛን ታውቂያለሽ ማለት ነው፤ ሌላው ይለመዳል» ብለው ለሁለት ሰው የሚበቃ ነጭ ጋዋን ሰጡኝ። እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጥፌ ሥራ ጀመርኩ።

ሥራቸውን ያየ ሰው አይረሳውም። የአፈር ናሙና ሲመጣ ማሽኑን ከመንካታቸው በፊት ጥቂቱን በመዳፋቸው አርሰው ያሹታል፣ ያሸቱታል፣ ከዚያ ግምታቸውን በቅጹ ጥግ ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ። መለኪያው ግምታቸውን ሲያፈርስ ደስ የሚላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። «ዛሬ ደግሞ አፈሩ አስተማረኝ» ይሉና ያንን ናሙና ለብቻው ያስቀምጡታል። መደርደሪያቸው እንዲህ ባሉ ናሙናዎች ስለተሞላ የጽዳት ሠራተኛዋ ልትጥላቸው በተነሣች ቁጥር ይጣሉ ነበር።

ገበሬ ውጤቱን ሊወስድ ሲመጣ ወረቀት ሰጥተው አይሸኙትም። ያስቀምጡታል፣ ውሃ ያቀርቡለታል፣ ከዚያ ቁጥሩን ሁሉ ወደ ሰው ቋንቋ ይመልሱለታል። በደጋው በኩል፣ በሁላና በአካባቢው፣ ያለው አፈር ብዙው አሲዳማ ነው። የቱንም ያህል ማዳበሪያ ቢሰጠው ፎስፈረሱን እንደያዘ ያስቀረዋል፤ የተክሉም ሥር አጥሮ ይቀራል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። እሳቸው ይህን ሲያስረዱ «ተክል ጥርስ የለውም፤ አፈሩ ካላላመጠለት አይበላም» ይሉ ነበር። ቀጥለውም «ምግቡ ጓዳ ውስጥ አለ፤ በሩ ነው የተዘጋው። ኖራ በር ይከፍታል እንጂ ራሱ ምግብ አይሆንም፤ ፍግና ማዳበሪያውን እንዳትረሱ» ይላሉ። ስልክ ያለውን ገበሬ ደግሞ በዘር ወቅት እየደወሉ ይጨቀጭቁታል። ልጆቻቸው «አባታችን ከእኛ ይልቅ ለሁላ ገበሬ ይደውላል» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

ስለ ደግነታቸው ብዙ ሰው ብዙ ይናገራል፤ እኔ የራሴን ልጨምር። አባቴ የሞተ ጊዜ ጋሽ ማቴዎስ ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ አልጠፉም። የእኛ ሰዎች ዱዓ ሲያደርጉ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጡ ነበር። በሦስተኛው ቀን አጎቴ «እኚህ ሰውዬ የማን ዘመድ ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። «የእኔ» አልኩት።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው የዋሸሁት።

ሥራ በጀመርኩ በአራተኛ ዓመቴ ከአቶ ሃሜሶ ማሳ ናሙና እንዳመጣ ሁላ ተላክሁ። አቶ ሃሜሶ በአካባቢያቸው ተሰሚነት ያላቸው ገበሬ ናቸው፤ እሳቸው የዘሩትን ጎረቤት ሁሉ ይዘራል። ስደርስ ገበያ ሄደው ኖሮ አላገኘኋቸውም። ዝናብ እየጣለ ነው። ባለቤታቸው የገብሱ ማሳ ከወንዙ ማዶ መሆኑን በእጃቸው አሳዩኝ። እኔ ደግሞ የከተማ ልጅ፣ በዚያ ሳምንት የተገዛ ነጭ ጫማ ተጫምቻለሁ። ወንዙን አየሁት፤ ጫማዬን አየሁት። ከዚያ ባለቤታቸው ወደ ቤት ሲገቡ ጠብቄ ከእንሰቱ ሥር፣ ከጓሮ፣ አፈር ቆፈርኩና ላስቲኩ ላይ «ከወንዝ ማዶ» ብዬ ጻፍኩ። አፈር አፈር ነው፣ ሁሉም የአንድ ሰው መሬት ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት። ይህን ያሰበችው አራት ዓመት በጋሽ ማቴዎስ እጅ የተማረችው እኔ ነኝ።

የሲዳማን ጓሮ የሚያውቅ ሰው ምን እንዳደረግሁ ወዲያው ይገባዋል። የበረቱ ጥራጊና የምድጃው አመድ የሚደፋው እዚያ ነው። እንሰቱ ያንን ሁሉ ሲበላ ስለሚኖር የጓሮ አፈርና የሩቅ ማሳ አፈር አይተዋወቁም። አመዱ ብቻውን አሲዱን ያበርደዋል።

ጋሽ ማቴዎስ ናሙናውን በመዳፋቸው አሹትና የሩቅ ማሳ አፈር አልመስል አላቸው። «ሰሚራ፣ ይኼ በእርግጥ ከወንዙ ማዶ ነው?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ» አልኩ። ሦስት ጊዜ ደግመው ለኩት፤ ሦስቱም ጊዜ ማሽኑ አፈሩ ደህና ነው አላቸው። በመጨረሻ «ልጅቷ በዓይኗ አይታዋለች፣ ማሽኑም ለክቶታል፤ እኔ ነኝ የማላውቀው» ብለው ኖራ አያስፈልገውም በሚለው ወረቀት ላይ ፈረሙ።

አቶ ሃሜሶ በወረቀቱ አምነው ማዳበሪያ ብቻ ጨምረው ዘሩ። በመኸር ላቦራቶሪ የመጡት አንድ እፍኝ ቢጫ፣ ድንክ ገብስ ይዘው ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና «ወረቀቱ ኖራ አያስፈልግም አለኝ፤ ገብሱ ያስፈልጋል አለኝ። እኔ ማንን ልመን?» አሉ። ጋሽ ማቴዎስ ከወንበራቸው ተነሡ። «የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉና በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይቅርታ ጠየቁ። እኔ ከመስኮቱ አጠገብ ብልቃጥ እያጠብኩ ነበር። ያንን ብልቃጥ ስንት ጊዜ እንዳጠብኩት አላህ ይወቀው።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ማቴዎስ የበፊቱ ሰው አልነበሩም። ግምታቸውን በእርሳስ መጻፍ አቆሙ። ማሽኑን በየጠዋቱ ይፈትሹታል፣ አንዱን ናሙና አምስት ጊዜ ይለኩታል፣ ፈርሙ ሲባሉ «ሌላ ሰው ይየው» ይላሉ። የአቶ ሃሜሶ ጎረቤቶችም ስለ ኖራ ሲነገራቸው «እነዚያ ሰዎች ራሳቸው አያውቁም» ማለት ጀመሩ። ጋሽ ማቴዎስ ጡረታ ሲወጡ በተደረገላቸው ሽኝት ላይ ሁሉም ሲያመሰግናቸው እሳቸው «የተሳሳትኩትን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ» ብቻ ብለው ተቀመጡ። እኔ ለምን ዝም አልኩ? መጀመሪያ ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ቀጥሎ አፈርኩ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ዝምታው ራሱ ልማድ ሆነብኝ።

አምና ሕመሙ ጠናባቸው። ሐይቅ ዳር ባለው ቤታቸው ልጠይቃቸው ስሄድ በረንዳው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው አገኘኋቸው። ባለቤታቸው እትዬ ማርታ ወንበር አቀረቡልኝ። ስለ ጤናቸው ልጠይቅ አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። «ያ የሃሜሶ አፈር ምን ነበር ትያለሽ? እኔ እኮ ሳይገባኝ ልሞት ነው» አሉ። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ጫማውንም፣ ወንዙንም፣ ጓሮውንም ነገርኳቸው።

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሰባት ዓመት!» አሉ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ምስኪን ማሽን ስጠረጥር!» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ «ሂጂልኝ» አሉኝ። በሩ ላይ ቆሜ ሳለቅስ እትዬ ማርታ ተከትለውኝ ወጡ። «ደግ አደረግሽ፤ አሁን ግን ሂጂ። እሱ ሲቆጣ ለአንድ ቀን ነው» አሉኝ።

ለአንድ ቀንም አልሆነም። በማግስቱ ቁርስ ሳልበላ ስልኬ ጮኸ። ሰላምታ እንኳ የለም። «ከእንሰቱ በስንት እርምጃ ነው የቆፈርሽው?»

«ሦስት ቢሆን ነው ጋሼ።»

«አመድ ይደፉበታል?»

«አዎ፣ ጫማዬ ላይ አመድ ነበረ።»

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «እንግዲያውስ ልክ ነበርኩ! ማርታ፣ ልክ ነበርኩ እኮ!» ሲሉ ይሰማኛል። ስልኩን መልሰው ወደ ጆሯቸው አቀረቡና «ይቅር ብዬሻለሁ፤ መርሳት ግን አልረሳም፤ ባለሙያ አይረሳም። አሁን ተነሺና ሃሜሶ ዘንድ ሂጂ። ለእኔ የነገርሽኝን ለእሱም ንገሪው፤ አፈሩንም ከትክክለኛው ቦታ ይዘሽልኝ ነይ» አሉኝ።

ሄድኩ። አቶ ሃሜሶ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ እግሬን አይተው «ልጄ፣ ወንዙ እኮ ጉልበት አይደርስም ነበር» አሉኝ። ከዚህ ሌላ የወቀሳ ቃል አልተናገሩም፤ ለእኔ ግን በቂ ነበር። ራሳቸው እጄን ይዘው አሻገሩኝ። አፈሩ ሲለካ ጋሽ ማቴዎስ ድሮ እንደሚሉት ሆኖ ተገኘ፤ አሲዳማ ነው። ከዘር በፊት ኖራው ተበተነ። እኔም ከዚያ በኋላ በየወሩ እየወጣሁ አየሁ፤ እሳቸውም በየወሩ አልጋቸው ላይ ሆነው ጠየቁኝ። ሕመሙ ሲበረታ መኸሩን የሚያዩ አይመስለኝም ነበር።

አቶ ሃሜሶ ግን ባለፈው ወር አንድ ጭብጥ ገብስ ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ነቅለው ሐዋሳ መጡ። ሌላ ሰው ቢሆን ዛላውን ቆርጦ ያመጣ ነበር፤ እሳቸው ግን ወዳጃቸውን ያውቃሉ። ጋሽ ማቴዎስ ዛላውን ዞር ብለው አላዩትም። ሥሩን በጣታቸው እየፈለቀቁ፣ ነጩን፣ ረጅሙን እየዘረጉ ለረጅም ጊዜ አዩት። አንሶላው አፈር ሆነ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳምኛ ማለት ነው፣ ሲያወሩ እኔ ግማሹን ብቻ ሰማሁ፤ ሳቃቸውን ግን ሁሉንም ሰማሁት። በመጨረሻ ጋሽ ማቴዎስ እኔን ጠርተው አዲሱን የውጤት ወረቀት እንዳወጣ አዘዙኝ። ብዕር ልሰጣቸው ስል እጃቸውን አነሡ። «በራስሽ ስም ፈርሚ። ከእንግዲህ ሰው የሚጠይቀው አንቺን ነው» አሉኝ። ፈረምኩ።

ጋሽ ማቴዎስ፣ ትናንት የአቶ ሃሜሶ ጎረቤቶች ላቦራቶሪ መጥተው ነበር። አራት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በላስቲክ አፈር ይዘዋል። ለልቅሶ ይሁን ለሥራ የመጡት መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፤ ለካ ለሁለቱም ነው። ቁጭ ብለው አጽናኑኝ፤ ከዚያ አንደኛው «እኛም ኖራ ያስፈልገን ይሆን?» አለ። እርስዎ ስንት ዓመት የጠበቁት ጥያቄ ነው ጋሼ። ያመጡትን አፈር አልተቀበልኳቸውም፤ ሐሙስ እኔው ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ ብዬ ሸኘኋቸው።

የወሰድኩብዎትን ሰባት ዓመት መመለስ አልችልም። ይህን እዚህ፣ በሚያውቁዎት ሁሉ ፊት የጻፍኩት ስምዎ ላይ የቀረ ጥርጣሬ ካለ ወደ ባለቤቱ፣ ወደ እኔ እንዲመለስ ነው። እርስዎ ልክ ነበሩ። ልክ እንደነበሩም አውቀው ሄዱ። በሰላም ይረፉ፣ አባቴ።