ያልገባሁት ንስሐ

ነገሩ የሆነው ኮሮና አገር ምድሩን ባስጨነቀበት ጊዜ፣ በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው። ዓመታት አልፈዋል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ቄስ መስቀል ሲዘረጋልኝ ከመሳለሜ በፊት ግራና ቀኜን አያለሁ። ማን እያየኝ እንደሆነ ለማወቅ ነው። እንዲህ ያደረገኝን ነገር ልንገራችሁ።

ነርስ ነኝ። ያኔ በሽታው በገጠር እንዴት እንደሚዛመት በሚያጠና ቡድን ውስጥ ተቀጥሬ ጋይንትን እዞር ነበር። ሥራችን በየቀበሌው እየሄድን፣ የታመመ ያልታመመ ሳንለይ፣ ፈቃደኛ ከሆነ ሰው አፍንጫ ናሙና መውሰድ ነው። ሲወራ ቀላል ይመስላል። ጫፉ ላይ ጥጥ ያለበትን ቀጭን ዘንግ ከማሸጊያው ባወጣሁ ቁጥር ሰው ወደ ኋላ ይል ነበር።

ከአርብ ገበያ ወዲያ ያለ አንድ ቀበሌ ስንደርስ ደግሞ ጭራሽ እምቢ አሉን። የፈሩት ዘንጉን ብቻ አልነበረም። አንድ ገበሬ ፊት ለፊት ነገረኝ። «ተገኘበት ከተባልሁ ማን በሬውን ከበሬዬ ጋር ያቀናጃል? ማንስ እደጄ ይደርሳል?» አለኝ።

ያወጡን የደብሩ ቄስ ይትባረክ ናቸው። የመንደሩ ግማሽ ሰው የንስሐ ልጃቸው ነው፤ ጨዋታም ያውቃሉ። ከሕዝቡ መሀል ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና አንገታቸውን ቀና አድርገው «በይ ልጄ፣ ከእኔ ጀምሪ» አሉኝ። ዘንጉ ሲገባ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ አስነጠሳቸው፣ ሕዝቡ ሳቀ። አፍንጫቸውን ጠርገው ሲያበቁ ግን ፊታቸው ጠና አለ።

«አንድ ነገር ቃል ግቢልን» አሉኝ ሁሉም እየሰማ። «የሰውን ነገር ለባለቤቱ ብቻ ትነግሪያለሽ። ለሚስትም፣ ለልጅም፣ ለሊቀ መንበርም እንዳይነገር።»

«ቃሌ ነው፣ አባ» አልኳቸው። የጥናቱም ደንብ ይኸው ነበር። ከዚያ በኋላ ሰዉ ተሰለፈልን።

የኪዳነ ምሕረት ዕለት ጠዋት ንፋስ መውጫ እናቴ ቤት ቁርስ ላይ ነበርኩ። ከላቦራቶሪ ተደወለ። ስም እዚያ አይታወቅም፤ ናሙናው የሚሄደው በቁጥር ነው። ከዚያ ቀበሌ አንድ ሰው ላይ መገኘቱን ነገሩኝና ስንተኛው እንደሆነ ስጠይቅ «የመጀመሪያው» አሉኝ።

የመጀመሪያው ማን እንደሆነ ለማስታወስ መዝገብ ማየት አላስፈለገኝም። ጉርሻዬን አልዋጥኩትም። የዚያ ደብር ታቦት ኪዳነ ምሕረት ናት፤ የዓመቱ ንግሥ ደግሞ ያ ቀን ነው። ቄስ ይትባረክ ለቅዳሴ ተረኛ ካልሆኑ በሩ አጠገብ ካለችው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። የሚገባው ሁሉ መስቀላቸውን በግንባሩም በከንፈሩም ሳይሳለም አያልፍም። ከሁሉም ቀድመው የሚደርሱት አሮጊቶቹ ናቸው።

ደወልኩላቸው፤ ስልካቸው አይሠራም። ወደ አለቃዬ ደወልኩ። መኪናችን መካነ ኢየሱስ ከተማ መሆኑን ነገረኝና ነገ በጠዋት አብረን ብንሄድ ይሻላል አለኝ። ነገ ምን ይረባል! ዛሬ ከንፈር ሁሉ እዚያ መስቀል ላይ ካረፈ በኋላ ነገ ሄጄ ማንን ላድን ነው? ስልኩን ዘጋሁበትና ወጣሁ።

የአርብ ገበያው ሚኒባስ ሞላ ሲባል አንድ ሰው ይጨመራል፣ ተነሣ ሲባል ጆንያ ይጫናል። ረዳቱን ተቆጣሁት። «እህቴ፣ ምጥ ይዞሽ ነው?» አለኝና ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ። መንገድ ላይ ፍየል የያዘ ሰው አስቆመን። ፍየሏ አልገባም ብላ ስትታገል እኔ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብድግ እል ነበር። በየደቂቃው ስልክ እሞክራለሁ። ውስጤ አንድ ነገር ብቻ ይላል፦ አሁን ተቀምጠዋል፣ አሁን መስቀሉን አውጥተዋል፣ አሁን እየተሳለሙ ነው።

ከአርብ ገበያ በባጃጅ ሄድኩ፤ ባጃጁ የማይደርስበትን በእግሬ ሮጥኩ። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ስደርስ ሱሪ መልበሴ ትዝ አለኝ። እንዲያ ሆኜ ብገባ ከበሩ እመለሳለሁ። መንገድ ዳር ጧፍ የምትሸጥ አንዲት የማላውቃት ሴት ፊቴን አይታ፣ ምንም ሳትጠይቀኝ፣ ከነጠላዋ ሥር ተጨማሪ የታጠቀችውን ጨርቅ ፈታ ሰጠችኝ። «ሂጂ፣ ስትመለሽ ትሰጭኛለሽ» አለች። እሱን እንደ ቀሚስ አገለደምኩ፣ ያንገት ልብሴን ተከናነብኩ፣ ማስኬን አጠበቅኩና ገባሁ።

ቄስ ይትባረክ ገና መድረሳቸው ነበር። ራሳቸውን ስላመማቸው አርፍደዋል፤ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ድንጋይዋ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ አሮጊቶቹ ከበዋቸዋል። ከፊት የቆሙት እማማ ትርንጎ ናቸው። እማማ ትርንጎ የመንደሩ ሬዲዮ ማለት ናቸው፤ ከእሳቸው የሚያመልጥ ወሬ የለም። ቄሱ መስቀሉን ከጋቢያቸው ውስጥ እያወጡ ነው።

«አባ! ላናግርዎት ፈልጌ ነበር» አልኩ እያለከለክሁ።

«ተሳለሚና ትነግሪኛለሽ ልጄ፣ ተራሽን ያዢ» አሉ።

«አሁን ነው፣ አባ።»

«እኛስ የቆምነው ለዛፍ ነው?» አሉ እማማ ትርንጎ።

መጮህ አልችልም። እዚያ ሁሉ ሰው መሀል በሽታቸውን ብናገር ቃሌን ማፍረስ ነው። ከዚያ ወዲያ በዚያ አገር አፍንጫውን የሚሰጠኝ አይኖርም። ዝም ብል ደግሞ መስቀሉ እማማ ትርንጎ ከንፈር ላይ ሊያርፍ ነው። አንድ ነገር ብቻ መጣልኝ። ከመሬት ወደቅኩና «ንስሐ አለብኝ! አሁኑኑ!» አልኩ።

በእኛ አገር ንስሐ የሚናገር ሰው አጠገብ ማንም አይቆምም። ሕዝቡ እንደ ውኃ ተከፍሎ ሸሸ። እማማ ትርንጎ እንኳን እያጉረመረሙ ራቅ አሉ፤ ዓይናቸው ግን አልራቀም። ቄሱ ደንግጠው ራቅ ወዳለ አንድ ዛፍ ሥር ወሰዱኝና እንደ ወጉ መጀመሪያ መስቀሉን ወደ ግንባሬ ዘረጉልኝ።

እኔ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ሥልጠናው ነው የሸሸው ማለት ይቻላል። ከኋላዬ የሴቶቹ ድምፅ «ውይ!» አለ።

«አባ፣ የእኔ አይደለም። የእርስዎ ነው» አልኩ ቀስ ብዬ። «በሽታው እርስዎ ላይ ተገኝቷል። ዛሬ ማሳለም የለብዎትም። ሰው አጠገብም መቆም የለብዎትም።»

ፊታቸው ከሰል መሰለ። መስቀሉን አዩት፣ አሮጊቶቹን አዩ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ ራሳቸው አልነበረም።

«ትናንት ያሳለምኋቸውሳ?»

«እኛ እንከታተላቸዋለን፣ አባ።»

«ዛሬ ብናገር ንግሡ ይበተናል። ሰዉም ደንግጦ አንዱ ባንዱ ላይ ይነሣል። ልቤ እስኪረጋ ዝም በይልኝ፣ ልጄ።»

«ቃሌ ቃል ነው።»

መስቀሉን ወደ ጋቢያቸው መለሱና ከሩቅ በእጃቸው ባረኩኝ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። ወደ ሕዝቡ ዞረው «ዛሬ አላሳልምም፣ ይቅር በሉኝ» አሉና በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው በጓሮ በር ወጡ።

እኔ እፎይ ብዬ ዞር ስል ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው። አንዲት ሴት ልጇን ከመንገዴ ሳብ አደረገች። ያኔ እንኳን አልገባኝም። ጨርቁን ለባለቤቷ መልሼ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

የገባኝ በሚቀጥለው ዓርብ፣ ገበያው ሲቆም ነው። እማማ ትርንጎ ሥራቸውን ሠርተዋል። ያቺ የአፍንጫ ነርስ ንስሐ ገብታ መስቀሉ አልቀበል አላት፤ የተናገረችው ኃጢአት ከብዶ ቄሱን መስቀላቸውን አስከተታቸው፣ አሳመማቸው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ከቤት አልወጡም! የኃጢአቱ ዓይነት እንደ ተራኪው ነው። አንዱ ጽንስ አስወርዳ ነው ይላል፣ አንዱ የሰው ትዳር በትና፣ ሌላው የሰበሰበችውን ናሙና ለጠንቋይ ሰጥታ።

ወሬው ንፋስ መውጫ ለመድረስ አልዘገየም። እናቴ መቀነቷን እያጠበቀች «ለእናትሽ ንገሪኝ፣ ምን አድርገሽ ነው?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ምንም ያላደረገ ሰው መስቀል ይሸሻል?»

ምን ልበላት? የቄሱን በሽታ ሳልናገር ራሴን ነጻ ማውጣት አይቻልም። እጮኛዬ መካነ ኢየሱስ ከተማ አስተማሪ ነበር። ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ሊልኩ የቆረጡትን ቀን «ትንሽ እንይ» ብለው አራዘሙ። እሱ ራሱ ደውሎ «እኔ አላምንም፣ ግን ምን ነበር?» አለኝ። ያቺ «ግን» አንጀቴን ቆረጠችው።

ያም ሆኖ ሥራው አልቀረም። ከቄሱ ቤት ብቻ የምንመላለስ እንዳይመስል የመንደሩን ቤት ሁሉ አዳረስን። የተከታተልናቸው ሰዎች ደህና ሆኑ። ቄስ ይትባረክ ግን ጠናባቸው። ስሄድ ትንፋሻቸው እያጠረ አገኛቸዋለሁ። ሆስፒታል እንዲሄዱ ለመንኳቸው፤ «እዚሁ» አሉ። የሚታማውን የነገራቸው የለም፤ ከደጅ ሆኖ ምግብ የሚያቀብል ሰው ምን ወሬ ያወራል? እኔም ለታመመ ሰው ስሜን ያጽዱልኝ ለማለት አፍሬ አፌን ያዝኩ።

አንድ ቀን በጣም ደክመው ሳያቸው በሐሳቤ የመጣው ምን እንደሆነ አልደብቅም። እኚህ ሰው ከሞቱ ስሜ አብሯቸው ይቀበራል ብዬ አሰብኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ስሜ ነው፤ እሳቸው ቀጥለው ነው። ውጭ ወጥቼ በራሴ ተናድጄ አለቀስኩ። ያንን ወር ሙሉ እንቅልፌም እህሌም ልክ አልነበረም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳኑ። በመጋቢት ኪዳነ ምሕረት ድንጋያቸው ላይ ተመልሰው ይቀመጣሉ ሲባል እናቴ «ተነሺ፣ መስቀሉን ትሳለሚያለሽ፣ እኔም አያለሁ» ብላ እየጎተተች ወሰደችኝ። ስንሰለፍ ከፊታችን ያለው ሰው ገለል፣ ከኋላችን ያለውም ገለል አለ። መሀል ላይ እኔና እናቴ ብቻችንን ቆምን። እናቴ ግን እጄን አልለቀቀችም።

ቄስ ይትባረክ ከስተዋል። ቀና ብለው ክፍተቱን አዩት።

«ምን ሆናችሁ ነው ልጅቱን የሸሻችሁ?»

እማማ ትርንጎ መቼ ያስችላቸዋል! «አባ፣ ረሱት? በኃጢአቷ የጣለችዎት ልጅ እኮ ናት!» አሉ።

ቄሱ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ሳቁ፣ ሳሉ፣ ደግሞ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና ዓይናቸው ሞላ። ከድንጋዩ ተነሥተው ቆሙ።

«ያን ቀን ይህች ልጅ የነገረችኝ የእሷን አይደለም፣ የእኔን ነው» አሉ። «ኮሮና የያዘው እኔን ነበር። እናንተን እንዳልፈጅ ሮጣ መጣች። መስቀሉን የሸሸችው እጄ ላይ በሽታ ስለነበረ ነው። ዝም በይ ብያት ዝም አለች፤ እናንተ ስታሟትም ዝም አለች። እኔ ቤቴ ተኝቼ አልሰማሁም። ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፍታዎት በይኝ።»

ቄስ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። መስቀሉን ከሁሉም በፊት ለእኔ ዘረጉልኝ፤ ተሳለምኩ። እናቴ እዚያው እልል አለች። ገበሬውም፣ ሴቶቹም ቀስ በቀስ ወደ እኛ ተጠጉ። ሽማግሌዎቹም በኋላ መጡ፤ ይኸው ያ «ግን» ያለኝ ሰው ዛሬ ባሌ ነው፣ ስንጣላ አነሣበታለሁ።

እዚህ ላይ አለቀ ብል ደስ ባለኝ። ባለፈው ዓርብ አርብ ገበያ ሽሮ የሚሆን አተር ስመርጥ ከኋላዬ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። እማማ ትርንጎ ለአንዲት ልጅ እግር እኔን በአገጫቸው እያሳዩ ያወራሉ። «ቄሱማ ኮሮና ነው ብለው ሸፈኑላት። የንስሐ አባት አይደሉ? መቼም የልጃቸውን ገበና አያወጡ!»

ደሜ ፈላ። ዞሬ ልመልስላቸው አፌን ከፈትኩ። አየኋቸው፤ ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ጥርስ እንጂ ጉልበት አልጎደላቸውም፣ የአተሩን ጆንያ ብቻቸውን ያነሣሉ። ያን ጠዋት መስቀሉ ከከንፈራቸው ሊደርስ አንድ ክንድ ያህል ነበር የቀረው።

አፌን ዘጋሁ። ቀርቤ ጉንጫቸውን ሳምኳቸው። «እንደምን ነዎት እማማ? ጤናዎ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ ሳያፍሩ።

ይሙኝ። በሕይወት ኖረው ይሙኝ።