ጀርባቸውን ለዶልፊኑ

ባሕር ሊያይ ግማሽ ቀን በአውቶቡስ የተንገላታ ሰው፣ ጀልባው ላይ ከወጣ በኋላ ለምን ጀርባውን ለባሕሩ ይሰጣል? ስንት ዓመት አሰብኩበት፤ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የሐበሾች ማኅበራችን በየሰመሩ፣ ሙቀቱ ሲመጣ፣ ሽርሽር ያዘጋጃል። በዚያ ዓመት ሊቀመንበሩ ቨርጂኒያ ቢች ወስዶ ዶልፊን ሊያሳየን ቆረጠ። አሌክሳንድሪያ የሚኖር፣ ማይክ ካልያዘ የታመመ የሚመስል ሰው ነው። ለሁሉም «ለእናቴ ብዬ ነው» ይል ነበር። እናቱ ከደሴ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም። ሐኪም የዓይናቸው ብርሃን እየሄደ መሆኑን ነግሯቸው፣ «ሳይጨልምብኝ ዮናስን የዋጠውን ዓሣ ልየው» ብለውታል። እሱም አሳይሻለሁ ብሎ ቃል ገባ።

ዶልፊን ዮናስን አይውጥም፤ ዓሣም አይደለም። በአርባ ዓመቴ ኮሌጅ ገብቼ ስለ ባሕር እንስሳት አንድ ኮርስ ወስጄ ስለነበር ይህንኑ ነገርኩት።

«አንቺ ደግሞ ጀልባው ላይ ፈተና አለ አሉሽ?» አለኝ በማይኩ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ።

ጀልባው ላይ ስንወጣ አስጎብኚው ራሱን እንኳ የሰለቸውን ቀልድ እየደጋገመ፣ ዶልፊን ካልታየ ሌላ ቀን በነፃ እንደሚወስደን ነገረን። የእኛ ሰዎች አጨበጨቡ። ዶልፊኑ ባይመጣ የሚመርጡ መሰለኝ።

ጥቂት እንደሄድን ሞተሩ ጠፋ። አስጎብኚው በቀኝ በኩል እየመጡ ነው፣ ዝም በሉ አለ። ሊቀመንበሩ «ግሩፕ ፎቶ!» ብሎ ጮኸ። ፀሐይ ፊታችን ላይ ይሁን ብሎም ሁሉንም ጀርባቸውን ወደ ቀኝ አዞራቸው። የነበረው ወንበር አንድ ነው።

«እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ» አልኳቸው የሊቀመንበሩን እናት።

«አባ ቆመው እኔ ልቀመጥ? አላደርገውም!»

አባ የተባሉት ወፍራሙ ቄሳችን ናቸው፤ የጀልባውን ደረጃ ከወጡ ጀምሮ ያለከልካሉ። «በፍጹም! እርስዎ ይቀመጡ» አሉ።

«ኧረ በማርያም!»

«እኔ ቆሜ መቀደስ የለመድኩ ነኝ።»

«ኧረ አንዳችሁ ተቀመጡና ገላግሉን!» አለ ካሜራ የያዘው።

በመጨረሻ እማማ ተቀመጡ፤ አባ ከኋላቸው ቆሙ። እኔ ፎቶ ስለማልወድ ከካሜራው አጠገብ ነበርኩ። ስለዚህ ዓይኑን ካሜራው ላይ ከተከለው ሰው በቀር ፊቴን ወደ ባሕሩ ያደረግኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከአባ ትከሻ ጀርባ ሦስት ዶልፊኖች ወጡ።

«እማማ፣ ዞር ይበሉ! ከኋላዎ ናቸው!»

«ማንም እንዳይዞር!» አለ ሊቀመንበሩ። «እማዬ፣ ካሜራውን እዪ!»

ልጃቸውን ሰሙ። ፎቶው ተነሳ፤ ዶልፊኖቹም ሄዱ።

ፎቶው ላይ ጥቁር የዶልፊን ክንፍ ብቅ ብሎ ስለተገኘ ሊቀመንበሩ በትልቁ አሳተመውና ሳሎኑ ውስጥ ሰቀለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እናቴ ዮናስን የዋጠውን ዓሣ አየች! አይደል እማዬ?» ይላል። እሳቸውም ቀስ ብለው «አየሁ፣ ልጄ» ይላሉ። እኔ በእንግዳ ፊት አፌን ብከፍት የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው። እሱማ ማፈር የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ዓመታት አለፉና ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ። አንድ ቀን ልጃቸው ሥራ ሄዶ፣ ዳዊት ላነብላቸው አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለሁ አቋረጡኝ።

«ያን ቀን ፎቶ ያልተነሳሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እንግዲያው አንቺ አይተሻል። እኔ አላየሁም። ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ግራጫ መሆኑን፣ ጀርባው እንደ ረጠበ የዝናብ ጫማ እንደሚያብለጨልጭ፣ ትንሹ ከትልቁ ጎን ተለጥፎ ይዋኝ እንደነበር።

«ዮናስን ይውጣል?»

«አይውጥም። ሕፃን እንኳ አይውጥም።»

«ልጄ ትልቅ ነው ብሎኝ ነበር።»

«ልጅዎ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር።»

ሳቁ። አናቱ ላይ ባለ ቀዳዳ እንደሚተነፍስ፣ ሲተነፍስም ነፋሱ እንደሚወጣ ጎማ «ፉፍ» እንደሚል ጨመርኩላቸው። ሳቃቸውን አቆሙ።

«ፉፍ?»

«አዎ፤ ከኋላዎ፣ ቅርብ።»

«እሱንስ ሰምቼዋለሁ» አሉ። «አባ መስለውኝ ነበር።»