የቅምሻ ጠረጴዛውና ስም ያጣው ሕመሜ

የቡና ቅምሻ ቤት ሥራ የጀመርኩበት የመጀመሪያ ቀን ጅማ በጉም ተውጣ ነበር። ከአወቱ መንደራ ሰፈር ተነስቼ በእግሬ ስሄድ የምረግጠውን እንጂ ከፊቴ ያለውን አላይም። መጋዘኑ ጋ ስደርስ ከጉሙ ውስጥ የሴቶች ሳቅ ሰማሁ። ቡና ለቃሚዎቹ ናቸው፤ ሳይታዩኝ በኦሮምኛ ይጫወታሉ። ሳቁ ብቻውን የሚሄድ ይመስል ነበር።

ዋና ቀማሹ ጋሽ ሙስጠፋ ስሜን ሳይጠይቁ ቁርሴን ጠየቁኝ። ፍርፍር በልቼ መምጣቴን ነገርኳቸው። ቀማሽ ጠዋት በርበሬ አይነካም፣ ሽቶም አይቀባም አሉኝ። የዚያን ቀን ማንኪያ አልሰጡኝም። ጥግ ይዤ እንዳይና ዝም እንድል ብቻ አዘዙኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከሰርቦ፣ ከደዶና ከሌላውም ወረዳ የመጣው የጥሬ ቡና ናሙና ይመዘናል፣ እርጥበቱ ይለካል፣ የተሰበረውና ነቀዝ የበላው ፍሬ ተለቅሞ ይቆጠራል። ከዚያ በትንሿ መቁያ ለስለስ ተደርጎ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በየሲኒው ገብቶ የፈላ ውሃ ይፈስበታል። ዱቄቱ ከላይ እንደ ቆብ ይቆማል። ቀማሹ አፍንጫውን አስጠግቶ ቆቡን በማንኪያ ይሰብራል፤ የቡናው ጠባይ በዚያች እንፋሎት ይወጣል። ቀጥሎ በማንኪያ እየማገ፣ በአፉ እያንከባለለ፣ መትፊያው ውስጥ እየተፋ ጠረጴዛውን ይዞራል።

ረዳት ቀማሽ ሆኜ ማንኪያ ስይዝ ዓይኔን መጨፈን ወደድኩ። አንዱ የደዶ ቡና ዝናብ ያባራበት ጓሮ ይዞኝ ይገባል። ሌላው ደግሞ ገና ያልሄድኩበት ሰው ቤት በር ላይ ያቆመኛል። ይህን ለጋሽ ሙስጠፋ ስነግራቸው ህልሙን ትቼ ይጎመዝዝ እንደሆነ፣ አፈር አፈር ይል እንደሆነ እንድናገር ገሠጹኝ። ግን ፈገግ ብለው ነበር።

ሕመሙ ከሥራው ቀድሞ የመጣ ነው። ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ የወር አበባዬ በመጣ ቁጥር ከወገቤ በታች የሚያጥፈኝ ነገር ነበረ። እናቴ እሷም እንዲሁ እንደነበረች፣ የሴት ልጅ ዕጣ እንደሆነና ስወልድ እንደሚተወኝ ነገረችኝ። አመንኳት። ሌላ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

ቅምሻ ቤት ከገባሁ በኋላ ሕመሙ ባሰ። ደሙ በሚመጣበት ሰሞን የቡናው ሽታ ራሱ ጠላቴ ይሆናል። ናሙና የምትቆላው ራሒማ ገና መቁያውን ስትለኩስ ያቅለሸልሸኛል። የሰርቦ ልጅ ናት፤ ፊቴን አይታ ታውቃለች። እጄን ይዛ መጋዘኑ ጀርባ ትወስደኝና የቡና ጆንያ ላይ ታስተኛኛለች። ነጠላዋን ጣል ታደርግብኝና «ኦብሲ፣ ኦብሲ» ትላለች፤ ቻይው ማለቷ ነው።

እዚያ ጆንያ ላይ ስተኛ ግማሽ እንቅልፍ ይወስደኛል። የለቃሚዎቹ ወሬ ከግድግዳው ማዶ እንደ ወንዝ ይፈሳል። በጣሪያው ቀዳዳ የገባ ብርሃን ላይ የቡና ገለባ ብናኝ እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ሕመሙ ሲያይል እኔም ከብናኙ ጋር የምንሳፈፍ ይመስለኛል፤ ጆንያው ላይ የተኛችው ሌላ ሴት ናት፤ እኔ ከላይ ሆኜ አዝንላታለሁ። ሲለቀኝ ተነስቼ ፊቴን እታጠብና ወደ ጠረጴዛው እመለሳለሁ።

መታከም አልተውኩም። አንዱ ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለኝ። ሌላው ታይፎይድ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ። ማስታገሻ መርፌ ሲወጉኝ ለጥቂት ጊዜ ይለቀኝና ይመለሳል። አልትራሳውንድ ያነሳኝ ባለሙያ ምንም የለም፣ ጤነኛ ነሽ አለኝ። ያን ቀን እያለቀስኩ ወጣሁ። ጤነኛ ነሽ መባል እንደዚያ ያስከፋል ብዬ አላስብም ነበር። እናቴ ጠበል ወሰደችኝ፤ እዚያ ልቤ አረፈ፣ ሕመሙ ግን አላረፈም።

ደረጀን ያገባሁት በዚህ መሀል ነው። የቡና ጭነት መኪና ይነዳል፤ ዝምተኛ ሰው ነው። ልጅ ሳይመጣ ዓመታት አለፉ። ከእሱ ጋር መሆንም ያመኝ ጀመር። አፍሬ አልነገርኩትም። ሲቀርበኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። እሱም ቀስ በቀስ መቅረቡን ተወ። ከመንገድ ሲመለስ እራቱን በልቶ መኪናውን ሊያይ ይወጣል፤ የሚታይ ነገር እንደሌለው ሁለታችንም እናውቃለን።

አንድ ቀን ከውጭ የመጡ ገዢዎች ባሉበት ቅምሻ ነበር። ያኔ ረዳት ሳልሆን ቀማሽ ነበርኩ፤ ጠረጴዛው በኃላፊነቴ ሥር ነበር። ግማሹን እንደዞርኩ ሁሉም ሲኒ አንድ ዓይነት ጣዕም ሆነብኝ፤ የብረት ጣዕም። ማንኪያዬን አስቀመጥኩና ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ደጁ ላይ ወደቅሁ። ራሒማ ደግፋ አነሳችኝ።

በማግስቱ ጋሽ ሙስጠፋ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ወደ መዝገብ ቤት ሊያዛውሩኝ ነው ብዬ ገባሁ። ወንበር ሰጡኝ። ለአባት ያህል ሰው የሚነገር ነገር ስላልሆነ አንገቴን ደፋሁ።

«ነርስነት ለምትማረው ልጄ በየወሩ መታመምሽን ነገርኳት፤ አትቀየሚኝ» አሉኝ። «የማህፀን ስፔሻሊስት ይያት፣ እንዲህ መታመም ልማድ አይደለም አለችኝ። ጠረጴዛው ይጠብቅሻል፤ ኢንሻአላህ ታክመሽ ትመጫለሽ።»

ያየችኝ ሐኪም ወጣት ናት፤ ከሰሜን የመጣች፣ ድምጿ ቀስ ያለ። ቶሎ አልመረመረችኝም። መጀመሪያ ጠየቀችኝ። ሽንት ቤት ስቀመጥ ያመኝ እንደሆነ፣ ሕመሙ ደሙ ከመምጣቱ በፊት ይጀምር እንደሆነ፣ ከባሌ ጋር ስሆን ያመኝ እንደሆነ። እነዚህን ጥያቄዎች ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አንድ በአንድ ስመልስ ከራሴ ድምፅ ጋር አዲስ የተዋወቅሁ ያህል ሆነብኝ።

ስሙ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል አለችኝ። የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ እየበቀለ፣ በየወሩ እየቆሰለ የሚያሳምም በሽታ ነው። አልትራሳውንድ ላይ ሁልጊዜ አይታይም፤ በእኔ ግን አሁን ግራው የእንቁላል ማምረቻዬ ላይ ደም የቋጠረ እብጠት ታየ። ፈጽሞ የሚነቅለው መድኃኒት እንደሌለ፣ ማስታገሥና ማቆም ግን እንደሚቻል ነገረችኝ። ምንም አልደበቀችኝም።

ደረጀ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ መናገር ስላቃተኝ እንድትነግርልኝ ለመንኳት። አስገብታ ሁሉንም ነገረችው፤ ያፈርኩበትንም ጭምር። ቆቡን አውልቆ በእጁ ሲያገላብጥ ቆየ።

«እኔን ጠልታ የምትሸሸኝ መስሎኝ ነበር» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለሐኪሟ።

በጭነት መኪናው ወደ ቤት ተመለስን። መንገዱ ዳር ያለው ቡና አብቦ ነበር፤ ነጩ አበባ እስከ መኪናው ውስጥ ይሸታል። ደረጀ መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። እስኪመሽ እዚያው ተቀመጥን። እጄን ይዞ ነበር።

መጀመሪያ በየቀኑ የሚዋጥ የሆርሞን ክኒን ታዘዘልኝ። የወር አበባዬ ቀረ፤ ሕመሙም ቀነሰ። መጀመሪያ ሰሞን ጠብ ጠብ የሚል ደም ነበረው፣ ያለ ምክንያትም ያስለቅሰኝ ነበር። እብጠቱ ግን አልሟሸሸም። አዲስ አበባ ተልኬ በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና ወጣልኝ። ማደንዘዣው ሲይዘኝ የመጋዘኑ ብናኝ ሲወርድ አየሁ። ስነቃ ሆዴ ላይ የቀዶው ሕመም ነበር። ያን የድሮውን ፈልጌ አጣሁት።

ወደ ሥራ የተመለስኩ ዕለት ራሒማ መቁያውን ለኮሰች፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ አሸተትኩ። ምንም አልሆንኩም። እሷ ናት ያለቀሰችው።

ልጅ አልወለድንም። ሐኪሟ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል ብላን ነበር፤ ክኒኑን አቁሜ ሞከርን፣ አልሆነም። በየዓመቱ ቡና ሲያብብ ያ መኪናው ውስጥ የተቀመጥንበት ምሽት ትዝ ይለኛል። ክኒኑን መልሼ ጀምሬ እስከ ዛሬ እወስዳለሁ። አልፎ አልፎ ሕመሙ ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ክትትሌን አላዘገይም። ጋሽ ሙስጠፋ ጡረታ ሲወጡ ዋና ቀማሽ የሆንኩት እኔ ነኝ።

አሁን በእኔ ሥር የሚሠሩ ሴቶች አሉ። በየወሩ ከሥራ የሚያስቀር ሕመም ያለባት ካለች ጆንያ ላይ እንድትተኛ እፈቅዳለሁ፤ ግን በዚያ አላበቃም። ወደ ማህፀን ሐኪም እልካታለሁ። ሰው አጥፎ የሚጥል ሕመም የሴት ዕጣ አይደለም፤ በሽታ ነው። አንዱ ሐኪም ምንም የለም ካለ ወደ ሌላው መሄድ ያስፈልጋል።